የጫት መኪናና የቤዛ እጆች

ከአገር የወጣሁ ለት ቤቴ ውስጥ በጣቴ ጫፍ ነበር የምራመደው። ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ፣ በሩን እንደ ሌባ በቀስታ ስከፍት ባለቤቴ የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ቤዛን እንዳልቀሰቅሳት ነዋ!" አልኳት በሹክሹክታ። የሺ አየችኝና በሳቅ ፈነዳች፤ ሳቁ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። ልጃችን ቤዛ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። የኮምቦልቻ የክረምት ነጎድጓድ የማይቀሰቅሳትን ልጅ፣ እኔ ጀግናው በጫማ ኮቴ እንዳልቀሰቅሳት እጠነቀቃለሁ። እንግዲህ ድንበር ተሻግሮ ያልፍለታል የተባለው ሰው ይሄ ነው።

እሷን የሚቀሰቅሳት መብራት ነው። ስለዚህ በጨለማ ሻንጣዬን ስዳብስ ጉልበቴን ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተምኩና "ወይኔ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ነቃ። ቤዛ ብቻ እንደተኛች ቀረች።

ያኔ የምንግባባው እቤት በፈጠርነው የእጅ ቋንቋ ነበር። አስተማሪ የለው፣ መጽሐፍ የለው፣ እንደ መጣልን ነው ያወጣነው። የመጀመሪያዋ ምልክታችን "ና" ናት። መዳፍ ወደ ታች፣ አራት ጣት ወደ ራስ እጥፍ፣ በቃ። ልጅህን ከጓሮ በስሟ መጥራት ካልቻልክ ሄደህ ፊቷ ትቆማለህ፣ በእጅህ ትጠራታለህ። እሷም እኔን እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ፤ ድመቷ ስትወልድ፣ ወጡ ሲያርር፣ እንዲሁ ብቻዋን መሆን ሲሰለቻት። የወጣሁ ለት ተኝታ ስለነበር አልጠራችኝም። ብትጠራኝ ኖሮ አልሄድም ነበር፤ ይሄን ለማንም አልደብቅም።

የወጣሁትም ለእሷው ስል ነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ሌላ ከተማ ተገኘላት፤ በኔ ገቢ ደግሞ የማይታሰብ ነው። በአይ.ቲ ዲፕሎማ አለኝ። አገር ቤት ያላችሁ እንደምታውቁት፣ ኮምፒውተር የተማረ ሰው ኮርኒስ ይሠራል፤ እኔም የጂብሰም ሠራተኛ ነበርኩ። ሀርጌሳ ሕንፃ እንደ እንጉዳይ ይበቅላል፣ ጂብሰም የሚሠራ ግን ከኛ አገር ሰው በስተቀር የለም ሲሉኝ ጊዜ ተነሳሁ።

በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ከዚያ ድንበሯ ቶጎ ውጫሌ። እዚያ ማዶ ያለው መኮንን አማርኛ ያውቃል።

"ምን ልትሠራ ነው?"

"ጂብሰም።"

"ስንት ጊዜ ትቆያለህ?"

"ቢበዛ አንድ ዓመት።"

ባልደረባውን ጠርቶ በሶማልኛ ነገረውና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በጣቱ ደጅ ላይ ሻይ የሚቀዳ፣ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ ያገሬን ሰው አሳየኝ። "እሱም አንድ ዓመት ነበር ያለው" አለኝና ማኅተሙን መታልኝ።

ከአጠገባችን አንድ ጫት የጫነ መኪና አቧራውን እያስነሳ እንደ ጥይት አለፈ። እሱን ማንም ምን ልትሠራ ነው፣ ስንት ጊዜ ትቆያለህ አላለውም። ያን መኪና አደራ አትርሱብኝ፤ ኋላ እንገናኛለን።

ሀርጌሳ መጥፎ አገር አይደለም፤ ይሄን ካልኩ በኋላ ማማረር እችላለሁ። ንፋሱ ጠዋት ያጠብከውን ሸሚዝ ቀትር ላይ ቡና ዓይነት አድርጎ ይመልስልሃል። ሩዝ ላይ ሙዝ አድርገው ያቀርባሉ፤ ለማንሣት ስትሞክር "ብላው እንጂ፣ አብሮ ነው" ይሉሃል። ለሖሕ የሚሉት ደግሞ አለ፤ የእንጀራ የአክስት ልጅ ነው፣ መልኩ ቁርጥ እንጀራ፣ ጠባዩ ግን ጣፋጭ፣ ጠዋት ከሻይ ጋር የሚበላ። መጀመሪያ ቀን ሽሮ ላድርግበት ብዬ የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ሻያቸው ግን፣ እውነት እውነት ነው፣ በወተትና በሄል ተፈልቶ ሲመጣ ነፍስ ይዘራል።

ኮድቡር ሰፈር ቤት ተከራየሁ። አከራዬ ሐጂ ዩሱፍ ድሬዳዋ ያደገ ሶማሌ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ክፍሉን ሲያሳየኝ እንዲህ ተባባልን።

"ውሃ አለ፣ መብራት አለ፣ ዋይፋይ አለ። አቦ ምን ቀረህ?"

"ሐጂ፣ መስኮት የለውም እኮ።"

"መስኮት ምን ያደርግልሃል? ዋይፋይ አለ እያልኩህ!"

"እርስዎ እንዳሉ።"

"እርስዎ እርስዎ አትበለኝ አቦ! ድሬ ሽማግሌውም አንተ ነው። አስረጀኸኝ።"

እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝ፣ ምላሴ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ እሱ ይቆጣል፣ እኔ እርስዎ እላለሁ።

ለዋይፋይ ስል መስኮቱን ተውኩት፤ ምክንያቱም ለኔ ዋይፋይ ቅንጦት አይደለም። ከየሺ ጋር በድምፅ እናወራለን፤ ድምፅ ምንም አይበላም፣ ቢቆራረጥም "ሃሎ፣ ሃሎ" እየተባባልክ ትገፋዋለህ። ከቤዛ ጋር ግን ቪዲዮ ካልሆነ ሌላ መንገድ የለም። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ልጆቹን ከቤተሰብ የሚያገናኘው ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በሞግዚቷ በእትዬ አስካለ ስልክ ነው። እዚህ የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለሆነ፣ አለቃዬን ዓርብ ልሥራልህ ብዬ የቅዳሜን ከሰዓት አስለቀቅኩት። በአሥር ሰዓት ታጥቤ፣ ከጸጉሬ ላይ ጂብሰሙን አራግፌ፣ እንደ ሙሽራ ስልኬ ፊት እቀመጣለሁ።

ቤዛ ብቅ ትላለች። አድጋለች። ትምህርት ቤት ትክክለኛውን የምልክት ቋንቋ ተምራ የኛ የቤት ቋንቋ ጠቧታል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ እኔን ታስተምረኛለች። "ይሄ መምህር ነው፣ ይሄ ዝናብ ነው፣ ይሄ ደግሞ…" ስትል እጇ አየር ላይ ቀጥ። ምስሉ ቆመ። ያ ሦስተኛው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ድምፅ ቢቆረጥ የቀረውን ትገምታለህ፤ እጅ መሃል ላይ ሲቆም ግን ቃሉ እዚያው ይሞታል። የኔ ምስል እሷ ጋ ሲቆም የሷም እኔ ጋ ይቆማል። በዚያ መሃል ምን እንደምትለኝ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል፣ የቀጣዩ ልጅ ተራ ይደርሳል፣ ሌላ ሳምንት።

ለሐጂ ዩሱፍ ነገርኩት። መልሱን ስሙልኝ።

"ኢንተርኔቱ ቀስ አለ ትለኛለህ? እኔም አይቻለሁ! የሚበላው አንተ ነህ!"

"እኔ? ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ነኝ እኮ!"

"ታዲያ ጂኒ በላው? አንተ ሳትመጣ ደህና ነበር፣ ወላሂ።"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አለ ያገሬ ሰው። ንዴቴ ነው መሰለኝ፣ ገበያ ወርጄ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ገዛሁ። በየጥቂት ደቂቃው የዋይፋዩን ፍጥነት እየለካ ከነሰዓቱ የሚመዘግብ፣ በመጨረሻም በሥዕል የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ዲፕሎማዬ ከተመረቅኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። ኮምፒውተሩ ቀን ከሌት በርቶ ማራገቢያው ይነፋል። ሐጂ ዩሱፍ ግድግዳው ላይ ጆሮውን ለጥፎ "ምን እያበሰልክ ነው?" ይለኛል። እውነት ለመናገር መለኪያዬም ትንሽ ይበላል፤ ወጡ ይበቃ እንደሆነ ለማየት ደጋግሞ እንደሚቀምስ ሰው ነው።

ሳምንታት አለፉ፣ ሥዕሉ ቅርጽ ያዘ። ጠዋት አምባ ነው። ከቀትር በኋላ ግን አንድ ነገር እግሩን የመታው ይመስል ይንደረደርና ገደል ይገባል፤ እስከ ምሽት እዚያው ገደል ውስጥ ነው። የቤዛ አሥር ሰዓት የገደሉ እምብርት ላይ ነው። ሥዕሉን አትሜ ኢንተርኔት ወደሚያስገባው ድርጅት ሄድኩ። አንድ ከረባት ያሰረ ወጣት ተቀበለኝ። የሱን እንግሊዝኛና የኔን ሶማልኛ ቀላቅለን ተነጋገርን።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ ወረቀቱን ወደ ላይም ወደ ታችም እያዞረ። "የልብ ምርመራ ከሆነ ሆስፒታሉ ማዶ ነው።"

"የናንተ መስመር ነው።"

"ታሟል እንዴ?"

"ከቀትር በኋላ ራሱን ይስታል።"

ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገና "ሲስተም ላይ መስመሩ ኖርማል ነው" አለኝ። "ራውተሩን ሪስታርት አድርገኸዋል?"

"አድርጌዋለሁ።"

"በድጋሚ አድርገው። ደግሞ መስመሩ በአከራይህ ስም ነው፤ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው እሱ ነው።"

እሱማ ቅሬታ አለው፤ በኔ ላይ።

እትዬ አስካለንም ጠዋት ላይ ይሁንልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "የቤዛ አባት፣ ሁሉም ወላጅ የየራሱን ሰዓት ከጠየቀ ትምህርት ቤት መሆናችን ቀርቶ ቴሌ ልንሆን ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው።

ከዚያ ያቺ ቅዳሜ መጣች። ስልኩን ከፈትኩ፤ ምስሉ ኩልል ያለ ውሃ። የእትዬ አስካለ ሻርፕ ላይ ያለው ጥልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ "ቤዛስ?" አልኳቸው። ወደ ጎን ተመለከቱ፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"ዛሬ አልመጣም አለች።"

"አሟት ነው?"

"ደህና ናት። እንዲያው… የልጅ ነገር ነው፣ አይቀየሙ። 'አባቴ ሁልጊዜ ፎቶ ነው የሚሆነው። ፎቶውማ አልጋዬ አጠገብ አለኝ' ነው ያለችው።"

ያን ለት ምን እንደተሰማኝ ላሳምረው አልፈልግም። አለቀስኩ። መስመሩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም፣ ከማዶው ግን ልጄ የለችም። ልጄን ለማስተማር ወጥቼ ልጄ እኔን ከፎቶ ጋር እያወዳደረች፣ ፎቶው እየበለጠኝ ነው። ቢያንስ እሱ እቀርባለሁ ብሎ አይቀርም።

ፊቴን ታጥቤ ግቢው ውስጥ ስወጣ ሌላ ለቅሶ ቤት ጠበቀኝ። ሐጂ ዩሱፍ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይንጎራደዳል፣ ያዛጋል፣ ስልክ ላይ ይጮሃል። ከሰዓት ከሰዓት ሳሎኑ የሚሰበሰቡት ሰባት ስምንት ጓደኞቹ በረንዳው ላይ እንደ ደመና ተደርድረዋል።

"ምን ሆናችሁ ሐጂ?"

"የጫት መኪናው ድንበር ላይ ተበላሽቶ ቀረ! ያ አላህ፣ እንዲህ ያለ ቀን!"

ቆምኩ። ወደ ክፍሌ ተመለስኩና መዝገቡን ከፈትኩ። ወደ ኋላ ሄጄ መስመሩ ከሰዓት ላይ ደህና የነበረባቸውን ጥቂት ቀኖች ለየሁ። ጎርፍ መንገድ ዘግቶ ጫት ያልገባ ለት። የዒድ ለት፣ ሁሉም ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ሳሎኑ ባዶ የዋለበት፤ ቅዳሜ ላይ ግን አንዳቸውም አልዋሉም። ሌላው ቀን ሁሉ፣ መኪናው ጡሩንባውን እየነፋ ኮድቡር በገባ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሥዕሉ ገደል ይገባል። ሳሎን ይሞላል፣ ጫት ይፈታል፣ ስምንቱም ሰው ስልኩን ያወጣል። ምን ይባላል? ያገሬ ጫት እኔ በመጣሁበት መንገድ መጥቶ፣ አገር ቤት ያለችውን ልጄን ይጋርድብኛል። እሱን ስንት ጊዜ ትቆያለህ የሚለው የለም ብያችሁ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት የትናንቱን ጨምሬ እንደገና ያተምኩትን ወረቀት ይዤ ሳሎናቸው ገባሁ። ምንጣፍ፣ ትራስ፣ በየመሃሉ የሻይ ፔርሙስ፣ የጫት ገረባ። መናደዴ ከፊቴ ይነበባል መሰለኝ እጃቸው ጫቱ ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ።

"ሐጂ፣ ኢንተርኔቱን ማን እንደሚበላው አግኝቻለሁ።"

"ማን ነው?"

"እናንተ።"

ወረቀቱን ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። ይሄ ጠዋት ነው፣ ይሄ ጫት ሲደርስ ነው፣ ይሄ ደግሞ ምርቃና ነው እያልኩ በጣቴ አሳየሁ። ሐጂ ዩሱፍ እየተረጎመላቸው ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። አንደኛው ሽማግሌ በገደሎቹ መሃል ብቻውን የቆመውን ከፍታ በጣቱ ጠቆመ።

"ይሄስ ተራራ?" ብሎ አስጠየቀኝ በሐጂ በኩል።

"ትናንት ነው። መኪናው የቀረ ለት። ከሁሉ ጥሩው ቀን።"

ሐጂ ሲተረጉምለት ሽማግሌው ወረቀቱን እንደ እባብ ሸሸው። "እንዲህ ያለ ጥሩ ቀን አላህ አይመልስብን" አለ፤ ሁሉም "አሚን" አሉ።

"አቦ ታደሰ" አለኝ ሐጂ ዩሱፍ፣ አሁን ለስለስ ብሎ። "ልጅህን ለማውራት ከሆነ ለምን በድምፅ አትደውልም? ድምፅ እኮ ቀላል ነው።"

"ልጄ አትሰማም።"

"ኔትወርኩ ነው የማያሰማት?"

"አይደለም ሐጂ። ጆሮዋ ነው። የምናወራው በእጃችን ነው። ምስሉ ሲቆም ዲዳ የምሆነው እኔ ነኝ።"

አልተረጎመላቸውም፤ ግን ጆሮዬንና እጄን ስጠቁም ሁሉም ገባቸው መሰለኝ ጫት መቀንጠሳቸውን ተዉ። በዚያው ቅጽበት፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ሰው ስልክ የአንዲት ትንሽ ልጅ ድምፅ በሶማልኛ ወጣ። ይሄን ያህል ሶማልኛ እኔም አውቃለሁ። "አባቴ፣ ትሰማኛለህ?" ትላለች። ሰውየው ስልኩን በመዳፉ ሸፈነው። ያኔ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። እኔ ፊልም የሚያዩ፣ ኳስ የሚያዩ መስለውኝ ነበር። አንዱ ስልክ ላይ በረዶ የለበሰ መንገድ አለ፣ አንዱ ላይ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳ፣ አንዱ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት። እነሱም ከሰዓት ከሰዓት የሚያሳድዱት የየራሳቸውን ስደተኛ ነው። ለካ አንድ ቀጭን መስመር ላይ ተንጠልጥለን እንገፋፋለን!

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ ሐጂ።

"አልጠየቁኝማ። ኢንተርኔት በላህ ብቻ ነው ያሉኝ።"

"ዛሬም እርስዎ!" ብሎ ጭኑን መታ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ጉምጉምታ ተነሳ፤ አንዱ ስለ ምርቃናው ተከራከረ። ሐጂ እጁን አንስቶ ጸጥ አሰኛቸውና ለኔ አስረዳኝ። "ቅዳሜ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት ማንም ስልክ አይነካም። ስልኩን እዚህ ትቶ፣ የዐስርን ሰላት መስጊድ ሄዶ በጀመዓ ይሰግዳል። ብዙ ጊዜ ቤት ነው የምንሰግደው፤ የመስጊዱ ኢማም በልጅህ ሰበብ ሲያዩን ይመርቁሃል።"

ይኸው እንዲህ ሆነ። እኔ የኮምቦልቻው ተዋሕዶ፣ ስምንት ሰው ወደ መስጊድ መለስኩ። ጽድቁ ለማን እንደሚጻፍ እንግዲህ የሚያውቀው አንድዬ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግቢው ጭር አለ። በየመቀመጫው ገረባው ቀርቷል፣ ሰዎቹ በሰልፍ ሲወጡ የመጨረሻው ዞር ብሎ ስልኩን በናፍቆት አየው። እኔ እትዬ አስካለን ቀድሜ በጽሑፍ ለምኛቸው ነበር፤ ዛሬ ብቻ፣ በእኔ ሞት አምጧት ብዬ። ደወልኩ።

ቤዛ መጣች፤ ፊቷ እንዳኮረፈ፣ ጓደኛዋን አስከትላ። ምስሉ አልቆመም። ትንሽ ጠበቀች። አሁንም አልቆመም። ኩርፊያዋ ከአፏ ጥግ ወደ ፈገግታ መለወጥ ጀመረ። ከዚያ እጆቿ ተፈቱ። ስለ ምሳቸው፣ ስለተሰበረው አልጋ፣ ስለምትጠላው ሒሳብ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ ግን ሁሉንም ሳይቆራረጥ አየሁት። ለጓደኛዋ እኔን ስታስተዋውቅ አንድ የማላውቀው ምልክት አደረገች። መዳፏን ፊቷ ፊት ዘረጋች፣ አፏን በከፊል ከፈተች፣ ዓይኗን ፈጠጥ አድርጋ ድርቅ አለች። ጓደኛዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"እትዬ አስካለ፣ ምን ማለት ነው?"

እሳቸውም ሳቃቸውን ይዘው ነበር። "ልጆቹ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ የምልክት ስም ያወጣሉ። ይሄ የእርስዎ ስም ነው።"

ስሜን አየሁት። ታደሰ አይደለም፣ አባባም አይደለም፤ ድርቅ ብሎ የቀረው ሰው ነው። ቤዛ በጣቷ ጠቆመችኝ፤ አንተም አድርገው ትለኛለች። ምን ላድርግ? መዳፌን ዘረጋሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩና ደረቅኩ። ሁለቱም በሳቅ ወደቁ። ደስ ብሎኝ ቆየት አልኩበት። ሳቃቸው አለቀ፤ እኔ አሁንም እንደደረቅኩ ነኝ፣ ድጋሚ ላስቃቸው።

ቤዛ ጠጋ ብላ አየችኝ። እጇን ፊቴ ላይ አወዛወዘች። ትከሻዋ ወረደ። ለጓደኛዋ "ቆመ" አለቻት፤ ይቺን ምልክት ከማንኛውም አስቀድሜ ነው የተማርኳት። ጓደኛዋ ሄደች። ቤዛ ግን አልሄደችም። ብቻዋን ስትቀር ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች፤ ለፎቶ የሚናገር ሰው ሊኖር እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ። መዳፏን ወደ ታች አዞረች። አራት ጣቶቿን ወደ ራሷ አጠፈች። ትምህርት ቤት የተማረችው አይደለም፤ የኛ የቤታችን ነው። አንዴ አደረገችው፣ ደገመችው፣ ትንሽ አረፈችና እንደገና።

ና።

ልንቀሳቀስ ይገባኝ ነበር። "ቀልዴን ነው፣ አለሁ፣ አያለሁ" ልላት ይገባኝ ነበር። ግን ከተንቀሳቀስኩ መልስ ልሰጣት ነው፤ ለዚያ ደግሞ መልስ የለኝም። መዳፌ ፊቴ ላይ እንደተዘረጋ፣ አፌ እንደተከፈተ፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ እንዳይወርድ እየለመንኩት ቆየሁ። እትዬ አስካለ "መስመሩ ሄደ መሰለኝ" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከበር ውጪ ሰዎቹ ከመስጊድ ሲመለሱ፣ ሐጂ ዩሱፍ "ታደሰ! አቦ፣ እንዴት ነበር ኔትወርኩ?" እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። ወደ ኮምፒውተሩ ዞሬ የዛሬን መዝገብ ከፈትኩት። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ መስመሩ ሙሉ ነው፤ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም ይላል።